የወህኒው በር ሲከፈት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ!

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፣ ጌታችን በመጨረሻይቱ ቀን ከሚጠይቀን ነገር አንዱ እስረኛን መጎብኘታችን ነው። እስረኛው ንጹሕ ይሁን በደለኛ ለይቶ አልተናገረም።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ «ክፉው ሁሉ ይታሰር፣ ሀገር ሰላም ያድራል» እንላለን። ይህን አሳብ ለመመርመር አሜሪካንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1972 በዚያች ሀገር ወህኒ ቤቶች የነበሩት ፍርደኞች 200,000 ያህል ነበሩ፤ በ2009 ግን 1,600,000 ያህል ሆኑ። ይህ የሆነው ወንጀል ስምንት እጥፍ ስለ በዛ አይደለም፤ ቅጣቱ ስለ ከበደና የእስራቱ ዘመን ስለ ረዘመ ነው። በ1986 በወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ የያዘ ሻጭ፣ 500 ግራም የኮኬይን ዱቄት ከያዘው ጋር እኩል ቢያንስ 5 ዓመት ይፈረድበት ነበር። መከራው ይበልጥ የወደቀው በጥቁሮች ላይ ነው። መቶ እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ 18 የወረደው በ2010 ነበር።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ወንጀል መቀነሱን፣ እስራቱም ድርሻ እንደነበረው አንክድም። የተዘረፈውና የተደበደበው ወገናችንም ፍትሕ ይገባዋል። ነገር ግን የታሰረው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን ይፈታል። በ2005 በ30 ክፍላተ ሀገር ከተፈቱት መካከል ከሦስቱ ሁለቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሰው ተይዘዋል። በ2016 ደግሞ ወላጃቸው በወህኒ ያለባቸው ልጆች 1,500,000 ያህል ነበሩ። ሥራ የሚነፈገው አባት፣ ያለ አባት የሚያድገው ልጅ፣ የሚበተነው ቤት፤ ከዚህ ሰላም ይበቅላልን?

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው፣ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነለት፤ ዕዳ ቢኖርበትም ራሱ ሊከፍል ቃል ገባ። በእኛ አነጋገር ዋስ ሆነው ማለት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለእስረኛ ስንቅ ማቀበል እናውቅበታለን። የተፈታ ዕለት ግን በሩን እንዘጋበታለን። ሥራ ሲያገኝ «ዋስ አምጣ» ይባላል፤ ዋስ የሚሆነውም ያጣል። እንግዲህ ወጣቶች፣ ደመወዝ ባይኖረን እንኳ ልጁን ማስጠናት፣ በጉባኤያችን አጠገባችን ማስቀመጥ፣ አባቶችንም ዋስ እንዲሆኑት መለመን አያቅተንም። ሰፈራችንን የሚጠብቀው የወህኒው ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ የተፈታውን የሚቀበል ወንድምም ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።