ጦም ያደረ ርስት

የአባት ልሳን በደም ይወረሳልን፣ ወይስ በድካም ይገኛል? በባዕድ አገር ተወልዶ ያደገ ወጣት የአያቶቹን ቋንቋ ከ«ሀ ሁ» ጀምሮ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይህ ጥያቄ አብሮት ይገባል።

ጥያቄው የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። በባርነት ወደ ብራዚልና ወደ ኩባ የተጋዙት የዮሩባ ሰዎች ቋንቋቸውን በጸሎትና በዜማ ለዘራቸው አውርሰዋል፤ ዜማውን የወረሰው ተወላጅ ግን የዕለት ንግግሩን እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ መማር ግድ ሆኖበታል። በካናዳም የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ግዕዝን ማስተማር ሲጀምር፣ ለትምህርቱ 50,000 ዶላር የለገሰው በዚያው ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ ነበር።

እንዲህ ያለው ተማሪ በጥናቱ መግቢያ ላይ የሚያገኘው ስም የጀርመናዊው የሂዮብ ሉዶልፍ ነው። «ርስቴን ከባዕድ እጅ ልቀበል?» ብሎ ቢያፍር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሉዶልፍ አጠገብ አንድ የቤተ አምሐራ ሰው ቆመዋል፤ እኒህም የመካነ ሥላሴው ካህን አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ሲደርስ የቋንቋውን ምስጢር የፈቱለት እርሳቸው ነበሩ። በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው አብረውት ሠሩ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የእርሳቸው ድካም አለበት።

እንግዲህ መጽሐፉ በባዕድ አገር ቢታተምም ቃሉ የወጣው ዛሬ ደቡብ ወሎ ከሚባለው ደጋ ነው። የርስት ሥርዓት ሳይሻር ገበሬው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ከአቅኚ አባቱ መሬት ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ትውልድ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ያልታረሰ መሬት ግን ጦም ያድራል። ቋንቋም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ መሬት ሲካፈሉት ያንሳል፤ ቋንቋ ሲካፈሉት ይበዛል። ስለዚህ ባዕዱ ደክሞ ቢያገኘው ከተወላጁ የወሰደበት ነገር የለም።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ሁሉን አይሰጥም። የግስ እርባታን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ተማሪ የመካነ ሰላም ገበያተኛ ሰላምታ፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ የወሎ መንዙማ ለዛ በመዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኙለትም። እነዚህ ሰው ፊት ቀርበው፣ ተሳስተውና ታርመው የሚያገኟቸው ናቸው። የአያቶቹን ቋንቋ ለጌጥ የሚሻ ሰው መታረምን ይሸሻል፤ ለዝምድና የሚሻው ግን የሚያርመውን ይፈልጋል። በአንጻሩም በተሰባበረ አማርኛው የሚስቅበት ዘመድ በሩን ይዘጋበታል፤ ኋላ «ልጁ ረሳን» ቢል የሚሰማው አያገኝም።

አባ ጎርጎርዮስ ያካበቱትን ዕውቀት ይዘው አገራቸው ለመግባት አልታደሉም። የዛሬው ተማሪ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ በእግሩ ባይመጣ እንኳ በተማረው ቋንቋ ሊጽፍ፣ ሊጠይቅ፣ መልስ ሊሰማ ይችላል። ወራሽነቱ የሚታወቀው በደሙ ሳይሆን ይህን ዕዳ በመክፈሉ ነው።