በየትኛው ላባ ሥር ነን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነሐሴ 1 ቀን የሚጀምረው የእመቤታችን ሱባኤ ወደ እኛ ወደ መተማ ሲመጣ ከአረም ጋር ይገጥማል። በሌላው አገር ብዙ ሰው ሥራውን ትቶ፣ ወደ ገዳም ገብቶ ሱባኤ ሲይዝ፣ በእኛ ቆላ ግን የሚበዛው ጾመኛ የሚጾመው በሰሊጥና በማሽላ መካከል ጎንበስ ብሎ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በአንዲት ትንሽ ቃል ላይ እንነጋገር። ቃሏ ላባ የምትለው ናት።

ላባ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን የወፍና የዶሮ ልብስ ነው። ሸክም ሲቀለን እንደ ላባ ቀለለኝ እንላለን። በባሕር ማዶ የነበሩ ጸሐፍት የዝይ ላባ እየቀረጹ ይጽፉበት ነበር፤ በላቲን ቋንቋ ላባ ፔና ይባላል፣ የብዕራቸው ስምም ከዚያው የወጣ ነው። የእኛ አባቶች ግን በብራና ላይ የጻፉት በመቃ ነው። ይህን እዚህ ላይ እንተወው።

የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ስንገልጥ ሌላ ላባ እናገኛለን። እርሱ ሰው ነው፤ የርብቃ ወንድም፣ የልያና የራሔል አባት፣ የያዕቆብ አማት። ስሙ በዕብራይስጥ ነጭ ማለት ስለሆነ ከወፍ ላባ ጋር ዝምድና የለውም፤ በእኛ ቋንቋ ፊደሉ ገጠመ እንጂ። ቢሆንም መግጠሙ ለጾመኛ ይጠቅማል፤ አንደኛው ላባ ይሸፍናል፣ ሌላኛው ይገፋል።

ላባን መጀመሪያ የምናውቀው የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ በመጣ ጊዜ ነው። እኅቱ የወርቅ ጉትቻና አምባር አድርጋ ባያት ጊዜ ወደ ምንጩ ሮጠ፤ እንግዳውን አክብሮ ጠራው፣ ለእርሱም ለግመሎቹም ስፍራ እንዳዘጋጀ ነገረው (ዘፍ. 24፥29-31)። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ወርቁን አየ፤ ከዚያ ሮጠ። ዓመታት አልፈው የእኅቱ ልጅ ያዕቆብ በትሩን ብቻ ይዞ ሲመጣም አቅፎ ስሞ ተቀብሎታል። በአፉ ሥጋ ዘመዴ ነው ይላል። ግን ያዕቆብ ለራሔል ብሎ ሰባት ዓመት ካገለገለ በኋላ በጨለማ ልያን አስገባለት። ሌላ ሰባት ዓመት አስጨመረው፤ ከዚያም ስድስት ዓመት ስለ መንጋ። በነዚህ ሃያ ዓመታት ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት (ዘፍ. 31፥41)።

ያዕቆብ በመጨረሻ ሆዱ ሲብስ የሚናገረውን የመተማ ሰው ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል። ቀን ሐሩሩ፣ ሌሊት ቁሩ እንዳሠቃየው፣ እንቅልፍም ከዓይኑ እንደራቀ ይናገራል (ዘፍ. 31፥40)። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ላይ ያለን ሰዎች ነን። በክረምቱ ደግሞ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል፣ ትንኙ ይነሣል። በዚህ መካከል ነው በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወጣቱ ነጠላውን አጣፍቶ የሚወርደው።

ታዲያ ላባ ድሮ ሞቷል እንዳንል። ለቀኑ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ ብሎ ሰው አውርዶ፣ አረሙ ሲያልቅ ሰሊጥ ዋጋው ወርዷል የሚል ጌታ ላባ ነው። የምግቡን ሂሳብ አስበልጦ ጽፎ ከደመወዙ የሚቆርጥ ካቦ ላባ ነው። ሱዳን አሻግርሃለሁ ብሎ ልጁን ከእናቱ ጉያ አውጥቶ፣ በየመንገዱ ዋጋ የሚጨምርበት ደላላማ የላባም ላባ ነው። የሚያሳዝነው ከእነዚህ ውስጥ ቅዳሴ የማያስታጉል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ መኖሩ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር ጾማቸውን ያልተመለከተላቸውን ሰዎች ሲወቅስ፣ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ እንደነበር ነው የሚነግረን (ኢሳ. 58፥3)። ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)።

አንዳንዱ ይህን ሲያነብ፣ ይህ ዲያቆን የእርሻን ነገር ምን ያውቃል፣ ዝናብ ሲቀር፣ ግሪሳ ማሽላውን ሲጨርሰው፣ የባንክ ዕዳው ሲመጣ ማን ይከፍልልኛል ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የገበሬው ኪሳራ ቀላል አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰሊጥ ዋጋው በወጣበት ዓመት ለአራሚው ጨምረንለት ነበር ወይ? ትርፉን ያልተካፈለ ሰው ኪሳራውን እንዴት ይካፈላል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ላባ እንመለስ። በየቤታችን የምንደግመው መዝሙር 90 እግዚአብሔር በላባዎቹ እንደሚጋርደን፣ በክንፎቹም ሥር እንደምንጠጋ ይነግረናል (መዝ. 90፥4)። እግዚአብሔር ላባ ያለው ሆኖ አይደለም፤ መንፈስ ነው፤ ስለ ፍቅሩ በምናውቀው ነገር ሊያስረዳን ነው። ዕንቁላል የታቀፈችን ዶሮ ያየ ምሳሌውን ያውቀዋል። ከደረቷ ላይ ላባዋ ይረግፋል፣ ራሷም ትነጨዋለች፤ ያን የምታደርገው የገላዋ ሙቀት ለዕንቁላሉ እንዲደርስ ነው። በውጭ በኩል ያለውን ላባ ለመጋረጃ ታስቀረዋለች፣ ከውስጥ ያለውን ለልጆቿ ብላ ታጣዋለች። እኔ ጾምን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም።

ጌታችንም ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን ራሱን በንስር አልመሰለም፤ ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር በምትሰበስብ ዶሮ እንጂ (ሉቃ. 13፥34)። ከዚያው ጥቂት ከፍ ብሎ ሄሮድስን ቀበሮ ብሎታል። ቀበሮ ሲመጣ ዶሮ ምን አላት? ጥርስ የላት፣ ጥፍሯም ያን ያህል አይደል። ያላት ላባዋ ነው፤ ዘርግታ በቀበሮውና በጫጩቶቿ መካከል ትቆማለች። እርሱም በዕለተ ዓርብ እጆቹን ዘርግቶ ቆመልን።

በዚህ ላባ ሥር የተጠለለ ባለ እርሻ በመጽሐፍ አለ፤ ቦዔዝ ይባላል። ሩት ሞዓባዊት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከድንበር ማዶ የመጣች ቃርሚያ ለቃሚ። ቦዔዝ ከእግዚአብሔር ክንፍ በታች ልትጠጋ እንደመጣች መሰከረላት (ሩት 2፥12)። መስክሮ ብቻ አልተዋትም። ጎበዞቹ እንዳይነኳት አዘዘ፣ ከውኃቸው እንድትጠጣ ፈቀደላት፣ ከምሳው አበላት፣ ከነዶው እየመዘዙ እንዲጥሉላት ለአጫጆቹ ነገራቸው። በኋላ ደግሞ እርሷ የልብሱን ጫፍ እንዲዘረጋባት ለምናዋለች (ሩት 3፥9)። በግእዛችን ክንፍ የወፍ ክንፍ ብቻ አይደለም፤ የልብስ ዘርፍም ክንፍ ይባላል። ስለዚህ አንተ ጋቢህን በወባ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ስትደርብለት ክንፍ ዘረጋህ ማለት ነው።

እንግዳን መቀበል ለመተማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከተማችን ዮሐንስ የተባለችው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ በተደረገው ውጊያ ቆስለው ባረፉት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ነው፤ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ነበር። ከደጋ ወርዶ በዚህ የቀረ ሰው ንጉሥም አለበት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በዚሁ በር ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ከስደት የሚመለሰው የእኛው ልጅ በሺህ እየሆነ ገብቷል። ብዙዎቹ እንደ ርብቃ አምባር አድርገው አልመጡም። የሚያሮጥ ወርቅ የላቸውም።

አንተ በቀን ሥራ ያለህ ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ለአንተም ነው። እግዚአብሔር ላባ በያዕቆብ ላይ ያደረገውን ሁሉ አይቷል (ዘፍ. 31፥12)፤ የአንተንም ያያል። ያዕቆብ ግን ተበደልኩ ብሎ ከመንጋው አልሰረቀም፤ አውሬ የሰበረውን እንኳ ከራሱ ነበር የሚተካው። ደመወዝህን በግልጽ ጠይቅ፣ ሽማግሌ ያዝ፣ በሌሊት ግን ሰሊጥ በከረጢት አታውጣ። ልብሴ ጭቃ ነው ብለህም ከቅጽሩ ውጭ አትቁም። ግባና አስቀድስ።

አንተም ሠራተኛ ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ሱባኤው የሚፈታው ነሐሴ 16 ቀን ነው። ዛሬ ከቅዳሴ ስትመለሱ የሂሳብ ደብተራችሁን አውጡ። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም፣ የሠራውን ቀን፣ የተዋዋላችሁበትን ዋጋ በፊቱ አንብቡለት። ጎድሎ ከተገኘ አሟሉለት። ኦሪት የምንዱብ ሠራተኛ ዋጋ፣ ወንድምም ይሁን መጻተኛ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ታዛለች (ዘዳ. 24፥14-15)። ከካምፑ ጥግ ተጠቅልሎ የተኛ ካለም ሳይመሽ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የሚሸከመው ዘመድ እዚህ የለውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።