ከምስጋናው በፊት የሚጠየቅ ዕዳ





በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ምክር ቤቶች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ። በቴክሳስም ሆነ በሌላው፣ በአካባቢው የታወቀ ነጋዴ፣ በተለይም ጊዜውንና ገንዘቡን ለበጎ ሥራ የሰጠ ሰው ሲሞት እንደራሴው የመታሰቢያ ውሳኔ ያቀርባል። ጽሑፉ እንደ ሕግ በአንቀጽ ተደርድሮ የሟቹን ትውልድ፣ ንግዱንና ውለታውን ይዘረዝራል፤ አንድ ቅጂም ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ያዛል።

ይህን ለሁለት ወዳጆቼ ባነሣባቸው አንደኛው፣ የብቸና ልጅ ነው፣ «ምነው ለእኛም ነጋዴዎች በተደረገ!» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ለሟች ዱዓ ይበቃዋል፤ ይህ የዱንያ ጨዋታ ነው» ብሎ ዘጋው። እኔ በሁለቱም አልረካሁም።

በሁለተኛው ልጀምር። ሟችን በመልካም ማንሣት በዲናችን ቀላል ነገር አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባሉበት አንድ ጀናዛ አልፎ ሰሃቦች ሲያመሰግኑት፣ ሌላው አልፎ ሲያወግዙት፣ ለመጀመሪያው ጀነት ለሁለተኛው እሳት እንደ ተገባቸው ነግረው፣ ሰሃቦቹ በምድር ላይ የአላህ ምስክሮች መሆናቸውን አስታውቀዋል። እንግዲህ ምስጋናው ምስክርነት ነው ማለት ነው። ለመሆኑ ማን ነው ምስክሩ? ከዑመር (ረ.ዐ) እንደሚተረከው፣ አንድ ሰው ለሌላው ሊመሰክር ቢመጣ ጎረቤቱ መሆኑን፣ አብሮት መንገድ መሄዱን፣ በገንዘብ መገበያየቱን ጠየቁት። ሁሉንም አይደለም ሲል፣ እንግዲያውስ አታውቀውም ብለው መለሱት።

ይህን መመዘኛ ይዤ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ልሂድ። መሬት ርስት በነበረበት ዘመን፣ ማለትም ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት፣ በዚያ አገር ለሙስሊሙ የቀረለት በአብዛኛው ንግድና ሽመና ነበር። ሱቁ እርሻው ነው፤ ሚዛኑ ስሙ ነው። እንግዲህ ስለ ብቸና ነጋዴ የሚያውቀው ጤፉን ያስመዘነበት የእነማይ ገበሬ ነው፤ ገበሬው ክርስቲያን ቢሆንም ሚዛኑን ያውቃል። ከደጀን በብቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ በሚደርሰው መንገድ ጭነት ላይ አብሮት ያደረ ሹፌር ነው። በዱቤ ወስዳ ሁለት ወር ያቆየች፣ ግን ያላፈረች ሴት ናት። አዲስ አበባ የተቀመጠ እንደራሴ ግን ቤተሰቡ የጻፈለትን ያነባል። እንደ ዑመር መመዘኛ ከሄድን የምክር ቤት ምስጋና የሰሚ ሰሚ ምስክርነት እንዳይሆን ከገበያው መለቀም አለበት።

ሌላም ነገር አለ። በጎ ፈቃደኛው በድብቅ የሰጠውን ሶደቃ በአደባባይ መዘርዘር ምን ይባላል? ሟቹ በእርግጥ ሪያ አያሰጋውም፤ ሥራው ተዘግቷል። የምፈራው ለእኛ ነው። ወረቀቱን እያሰበ የሚሰጥ ነጋዴ እንዳይፈጠር እሰጋለሁ። በየመስጊዱ ግድግዳ ላይ ስማቸውን የሚያስጽፉትን አይተን የለም?

የብቸናው ወዳጄ ግን የሚፈልገው ክብር ነው፤ አልፈርድበትም። ለእርሱ የማነሣለት ሌላ ጀናዛ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊሰግዱበት ሲቀርብላቸው ስለ ሰውዬው ደግነት ሳይሆን ዕዳ እንዳለበት ጠየቁ። አለበት ቢሏቸው እናንተ ስገዱበት ብለው ተዉት፤ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳው በእኔ ይሁን ሲሉ ነው የሰገዱበት።

አሁን ወደ ሞጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ የከተማይቱ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ፣ ነደዱ። ከነዚያ ባለ ሱቆች አንዱ ዛሬ ወደ አኺራ ሄዶ ምክር ቤት ያስበው ብንል፣ «ታታሪ ነጋዴና በጎ አድራጊ ነበር» ብሎ ስለ ነደደው ሱቅ ዝም የሚል ውሳኔ ምን ዓይነት ምስክርነት ነው? የንብረትን መብት በአንቀጽ 40 የደነገገ ሕገ መንግሥት ያለው መንግሥት ንብረቱን ሳይጠብቅለት ቀርቷል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አመስጋኙ ራሱ ባለ ዕዳ ነው።

ምክር ቤቱ ሐዘን መግለጽ አያውቅም አልልም። በሊቢያ ለተገደሉት ወገኖቻችን ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጇል። ከዚያ ይልቅ የሚመጣብኝ ግን አዋጅ ቁጥር 1207/2012 ነው። ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የሕግ ሰውነት የሰጠው ይህ አዋጅ የማንንም ሟች ስም አያነሣም። ሆኖም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እኩልነትን ጠይቀው አደባባይ ከወጡት አባቶችና እናቶች ስንቶቹ ሳያዩት አለፉ! እኔ ለእነርሱ የተጻፈ ውሳኔ አድርጌ ነው የማነበው።

በእኛ ዘንድ በጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት ከቤተሰቡ አንዱ ቆሞ «ገንዘብ ያለው ካለ ወደ እኔ ይምጣ» ይላል። ወዳጄ የተመኘው ወረቀት አንድ ቀን ለብቸና ወይም ለሞጣ ነጋዴ ከተጻፈ፣ ከመነበቡ በፊት እንደራሴው እንዲሁ ቆሞ ይጠይቅ፤ ለሟቹ ያልተከፈለውንም ከወራሾቹ አፍ ሰምቶ በመጀመሪያው አንቀጽ ያስገባው።