ፊቷ የድሮ፣ ሞተሯ የዛሬ

የአንድ ነገር ማንነት ያለው በሚታየው ላይ ነው ወይስ በማይታየው? ይህ ጥያቄ ኪታብ ለሚያገላብጡ ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ወደ አሜሪካ ጋራዦች ጎራ ቢል ከዘይትና ከብረት መሐል ያገኘዋል፡፡

ጀነራል ሞተርስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ሸቭሮሌት 3100 የተባለች የግማሽ ቶን ፒክአፕ ለገበያ አቀረበ፡፡ እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ የተሠራችው ይህች መኪና የገበሬ፣ የግንበኛና የባለ ሱቅ አገልጋይ ነበረች፡፡ ትከሻዋ ክብ፣ ፊቷ ላይ አምስት አግዳሚ ብረት የተደረደረባት፣ የመጫኛዋ ወለል እንጨት፡፡ የመጀመሪያው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሯ ጉልበት የ90 ፈረስ ብቻ ነበር፡፡ ዛሬ ከየእርሻው ጥግ፣ ከሣርና ከዝገት ውስጥ እየተጎተተች ትወጣለች፡፡

ጉዳዬ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፡፡ ጋቢናዋ ተፍቆ ይቀባል፡፡ የፊት ባሌስትራዋ ይወልቅና ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት አካል ይገባላታል፡፡ አስፋልቱን ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ ትላለች፡፡ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ በአንድ ጣት የሚዞር መሪ ይጨመራል፡፡ ለሞተር ብዙዎች የሚመርጡት ጀነራል ሞተርስ በ1997 በኮርቬት መኪና ላይ ያስተዋወቀውን፣ ኤል ኤስ የሚባለውን የባለ ስምንት ሲሊንደር ዘር ነው፤ የመጀመሪያው 345 የፈረስ ጉልበት ነበረው፡፡ አንዳንዱ ሻንሲውን ሳይቀር በአዲስ ይለውጠዋል፡፡ የቀረላት ቆዳዋ ነው ማለት ይቻላል፡፡

«ታዲያ ይህ ማታለል አይደለምን?» ሲል አንድ ወዳጄ ሞገተኝ፡፡ ዛሂሩ ሌላ፣ ባጢኑ ሌላ ለሆነ ነገር ያለን ስም መጥፎ ነውና አባባሉ አይገርምም፡፡ እኔ ግን አልተስማማሁም፡፡ ሙናፊቅ የጎደለ ውስጡን ባማረ ውጪ ይሸፍናል፡፡ እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውጪው አሮጌ፣ ውስጡ ብርቱ፡፡ ደግሞም ባለቤቶቹ በየአደባባዩ መኪናቸውን ለእይታ ሲያቆሙ ኮፈኑን ከፍተው ነው፡፡ ሞተር መለወጥማ ለእኛስ ምኑ እንግዳ ነው? የመርካቶን ሚናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው ከተጣለ ብረት ስንት ነገር ነፍስ እንደሚዘራ አይቷል፡፡ እኛ ቸግሮን፣ እነሱ አምሯቸው መሆኑ ብቻ ይለየናል፡፡

ወዳጄ በዚህ አላበቃም፡፡ «የመጫኛው እንጨት በቫርኒሽ አብረቅርቆ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ የማይጫንበት ከሆነ ኢስራፍ ነው» አለ፡፡ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው፡፡ ከመፍጫ የተረፈ ብረትን ማዳን ብክነት አይባልም፡፡ ጭነት የማትነካ የጭነት መኪና ግን፣ እኔም ብሆን፣ ትንሽ ታሳዝነኛለች፡፡

ነገሩ የሚከብደው ሽያጭ ሲመጣ ነው፡፡ የዚህች መኪና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ያለው ጋቢናው ላይ፣ በሾፌሩ በር ማጠፊያ ዓምድ ነው፡፡ እንግዲህ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ሻንሲው ተለውጦ ጋቢናው ከቀረ፣ ያ ሰሌዳ መኪናዋ የድሮዋ ናት እያለ ይመሰክራል፡፡ ሰሌዳው አልዋሸም፤ ገዢው ግን ምን እንደገዛ አወቀ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥበት ያገኙበት ሐዲስ የታወቀ ነው፡፡ ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ነበር የጠየቁት፡፡ በእኔ አረዳድ ሻጩ የተወቀሰው እህሉ ስለ ረጠበ አይደለም፤ እርጥቡ ከታች ስለ ነበረ ነው፡፡

ታዲያ በዚህች መኪና እርጥቡ እህል የቱ ነው? ለእኔ ፍሬኑ ነው፡፡ ስትሠራ አራቱም ጎማዎቿ ድራም ፍሬን ነበራቸው፤ አራቱንም የሚያዘው አንድ የዘይት መስመር ነው፡፡ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፡፡ ይህ ለ90 ፈረስ የታሰበ ነው፡፡ በዚያው ፍሬን ላይ 345 ፈረስ መጫን ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት መካኒክ መሆን አያሻም፡፡ ሥራቸውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ሞተሩን ከማስገባታቸው በፊት ዲስክ ፍሬንና ለፊትና ለኋላ የተከፈለ የዘይት መስመር ያበጃሉ፡፡ ይሁንና ፍሬን ፎቶ አይነሳም፡፡ ቀለሙና ቸርኬው ይነሳል፡፡ ገንዘቡ በቀለም ላይ ያለቀበት ሰው ፍሬኑን «ቆይ በኋላ» ይለዋል፡፡ በዚያ «በኋላ» ውስጥ መንገድ የሚሻገረው ልጅ ስለ መኪናዋ ቁንጅናም ሆነ ስለ ዕድሜዋ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንድትቆም ብቻ ነው የሚጠብቃት፡፡

እኔ እንዲህ ያለች መኪና የምገዛ ብሆን ኮፈኑ ሲከፈትልኝ አመስግኜ፣ ጎማውን አውልቁልኝ እል ነበር፡፡