ባዶዋ ካንቶ፦ የምንወደውን ነገር ጉድለት ስለ መናገር

የምትወዱትን ነገር አንድ ሰው «ግን እኮ ያን ያህል አይደለም» ሲላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኞቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ ቱግ እንላለን፤ ወይ ደግሞ «ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ነው» ብለን ፍቅራችንን እንክዳለን። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የመረጥኩት ምሳሌ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ነገር ሊመስል ይችላል፦ በጌም ቦይ የምንጫወታቸው ፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር።

ላልተጫወታችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ከቤቱ ይወጣል፤ በየዱሩ ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን እየያዘ ያሠለጥናል፤ በየከተማው ያሉትን የጂም መሪዎች እያሸነፈ ባጅ ይሰበስባል። የመጀመሪያዎቹ ጌሞች 151 ፍጥረታት ነበሯቸው፤ ቦታውም ካንቶ ይባላል። ጎልድና ሲልቨር ተከታይ ሆነው በኖቬምበር 1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ወጡ፤ አሜሪካ በ2000፣ አውሮፓ በ2001 ገቡ። 100 አዳዲስ ፍጥረታትና ጆቶ የሚባል አዲስ አገር ይዘው መጡ። እኔ ዘግይቼ፣ ከውጭ በመጣ ቁልፎቹ በተበሉ ጌም ቦይ ነው የደረስኩባቸው።

እንድንወዳቸው ካደረጉን ነገሮች ዋናው ሰዓቱ ነው። እኛ ካሴት የምንለው ካርትሪጅ ውስጥ የእውነት የሚቆጥር ሰዓት ነበር። ውጭ ሲመሽ ጌሙም ውስጥ ይመሻል፤ ቀን የማይታዩ ፍጥረታት ማታ ይወጣሉ። የነፍሳት ውድድር ያለው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ነው። ዩኒየን ከሚባለው ዋሻ ሥር ላፕራስ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ነው፤ ሐሙስ ብትሄዱ አታገኙትም። ለልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሱ መሣሪያውን አጥፍቶ ትምህርት ቤት ሲሄድ እንኳ የማይቆም ዓለም ነው።

ሁለተኛው ስጦታ መጨረሻው መጨረሻ አለመሆኑ ነው። የጆቶን 8 ባጆች ሰብስባችሁ፣ ሻምፒዮኑን ላንስን አሸንፋችሁ፣ አለቀ ስትሉ መርከብ ትሳፈራላችሁ፤ ካንቶ ትደርሳላችሁ። የመጀመሪያው ጌም አገር ከነከተሞቹ፣ ሌላ 8 ባጅ ይዞ ይጠብቃችኋል። ይህን ሁሉ የያዘው ከ2 ሜጋባይት የማይበልጥ ካርትሪጅ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ፤ ሳናስታምም።

ያች ካንቶ ባዶ ናት። ጀማሪ ሁሉ የሚጠፋበት የቪሪዲያን ጫካ የለም። የሳፋሪ ዞን ዝግ ነው። የፒውተር ሙዚየም ዝግ ነው። የሲናባር ደሴት በእሳተ ገሞራ ጠፍታ የቀረው የፖኬሞን ሕክምና ማዕከሉ ነው። በላቬንደር ከተማ የሞቱ ፖኬሞኖች ያረፉበት ግንብ የራዲዮ ጣቢያ ሆኗል። ከከተማ ከተማ ትሮጣላችሁ፣ ባጁን ትወስዳላችሁ፣ ታልፋላችሁ። የሚያዘገያችሁ ነገር ጥቂት ነው።

ሌላው የሌቨሉ ነገር ነው። የላንስ ትልቁ ፖኬሞን 50 ሌቨል ነው፤ የመጨረሻው የካንቶ ጂም መሪ ብሉ 58 ይደርሳል። ከዚያ በሲልቨር ተራራ ውስጥ ሬድ ይጠብቃችኋል፤ የሱ ፒካቹ 81 ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ምንም መንገድ አልተሠራም። ያው ደካማ ፍጥረቶችን ደጋግሞ እየመቱ፣ ሰዓታት እየገደሉ መውጣት ነው።

በጣም የሚገርመው ግን ይህኛው ነው። አዲስ ጌም አዲስ ነገሩን ማሳየት አለበት አይደል? ከ8ቱ የጆቶ ጂም መሪዎች 4ቱ፣ ማለትም ፋልክነር፣ በግዚ፣ ሞርቲና ቸክ፣ ከአዲሶቹ 100 ፍጥረታት አንድም የላቸውም። «ዳርክ» የሚባለው ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በዚህ ጌም ነው፤ ሃውንዱርን፣ መርክሮውን ወይም ስኒዝልን ከዱር ለመያዝ ግን ጆቶን ጨርሳችሁ መሻገር አለባችሁ። ለበዓል አዲስ ልብስ ገዝቶ በዓሉ ካለፈ በኋላ እንደ መልበስ ነው።

እዚህ ላይ ነው ፈተናው የሚመጣው። ምክንያቱም ለዚህ ሁሉ በጣም ያማረ ማስተባበያ አለ፤ እኔም እወደዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ ካንቶ ባዶ የሆነችው ወደ ድሮ መመለስ ባዶ ስለሆነ ነው። ጫካው የለም፣ ደሴቷ የለችም፣ ግንቡ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የልጅነት አገር ማለት ይኸው ነው። ተራራው ላይ የቆመው ሬድ ደግሞ የመጀመሪያው ጌም ባለታሪክ ነው፤ የትናንቱ እናንተ ማለት ነው። ስታናግሩት ከነጠብጣብ በቀር ምንም አይመልስም። የትናንት ማንነት አያናግርም! ካልታገሉት በቀር አይለቅም! እውነቴን ነው፣ ሲያዩት ያምራል።

ነገር ግን ይህን ጥብቅና አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። የማልወደው ጌም እንዲሁ ባዶ ከተሞች ቢኖሩት፣ ያን ባዶነት «ስለ መመለስ የተገጠመ ቅኔ ነው» ብዬ እተረጉምለት ነበር? አልተረጉምለትም። «አልጨረሱትም» እለው ነበር። ለወዳጅ አንድ ሚዛን፣ ለባዕድ ሌላ ሚዛን ከያዝኩ ደግሞ ማመካኘት እንጂ መተርጎም አይባልም። ሁለት አገር በአንዲት ትንሽ ካርትሪጅ ውስጥ ማስገባት ከባድ ሥራ ነበር። ሳቶሩ ኢዋታ፣ ያኔ የሃል ላቦራቶሪ ኃላፊ፣ በኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ የጌሙን ምስሎች የሚጨምቅ መሣሪያ ሠርቶ እስከ ማገዝ ደርሷል። በዚህ ሁሉ ጥበት ውስጥ አንድ ነገር ሳስቶ ቢቀር አይገርምም። መሳሳቱ የሚገባ ነገር ነው ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

በአማርኛ «ይቅር ማለት» እና «ማመካኘት» የተለያዩ ናቸው። ይቅር የሚል ሰው መጀመሪያ ጥፋቱን ጥፋት ብሎ ይጠራዋል፤ ካልጠራው ምኑን ይቅር ይላል? የሚያመካኝ ሰው ግን ጥፋቱ እንዳልነበረ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ትዝታችን ይቅር ባይ የሚመስል አመካኝ ነው።

ጉድለት ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ማየት ያስፈልጋል። ያ የምንወደው ሰዓት የሚሠራው ካርትሪጁ ውስጥ ባለች ሳንቲም በምታክል ባትሪ ነው። ሴቭ ያደረግነውን የምትጠብቀውም እሷው ናት። ሰዓቱ ያለ እረፍት ስለሚበላት ሰዓት ከሌላቸው ከቀደሙት ጌሞች ቀድማ ትደክማለች፤ ስታልቅ ደግሞ ስንት ወር የተለፋበት ሁሉ ይጠፋል። ይህ ጉድለት የመልካሙ ነገር ዋጋ ነው፤ ዓርብን ከሐሙስ የሚለይ ጌም ትውስታውን ከሰዓቱ ጋር እየተሻማ ይኖራል። ዝም ብሎ ስሕተት የሆነም አለ። ከርት የሚባሉ ሽማግሌ ከዛፍ ፍሬ የሚሠሩት «ሙን ቦል» በጨረቃ ድንጋይ የሚያድጉ ፍጥረቶችን በቀላሉ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። በኮዱ ስሕተት ምክንያት ግን የሚፈትሸው ሌላ ዕቃ፣ የቃጠሎ መድኃኒት ነው፤ በዚያ የሚያድግ ፍጥረት ስለሌለ ኳሱ ከተራ ኳስ አይበልጥም። የዓለም ልጅ ሁሉ ለክፉ ቀን ብሎ አስቀምጦት ነበር።

ሙን ቦል አንድ ነገር ያስተምረናል ብዬ አምናለሁ። ኳሱን ስንወረውር የተሰማን ተስፋ እውነት ነበር። ኳሱ ይሠራል የሚለው ሐሳብ ውሸት ነበር። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። «ደስ ብሎኝ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ እኔ ነው፤ ማንም ሊከራከረኝ አይችልም። «ጥሩ ነበር» የሚለው ስለ ነገሩ ነው፤ እሱ ይመረመራል። ትዝታ ጥሩ ምስክር ነው፤ ዳኛ ስናደርገው ግን ይሳሳታል።

ነገሩ ጌም ላይ ብቻ ቢቀር ባልደከምኩ። «ድሮ ቀረ» እየተባለብን ያደግን ትውልድ ነን። ድሮ ጎረቤት ይተዛዘን ነበር፣ ድሮ ልጅ የሰፈር ነበር፣ ድሮ በር ሳይቆለፍ ይታደር ነበር። በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ይኸው ክርክር ፊት ለፊት መጣ። አንዱ «ያ ሰፈር ፍቅር ነበር» ይላል፤ ሌላው «ሃያ ሰው በአንድ ሽንት ቤት የሚሰለፍበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራው የሚያፈስበት ቦታ ነበር» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። የመጀመሪያው ምስክርነቱን ፍርድ ሲያደርገው ግን ከዚያው ግቢ ጥግ ላይ የተቸገረችውን ሴት ያጠፋታል። ሁለተኛውም ፍርዱን ይዞ ምስክሩን ዝም ሲያሰኝ «ደሳሳ ጎጆ ነበር፣ ምን ያስለቅሳል?» ብሎ ሰው በሐዘኑ እንዲያፍር ያደርጋል። እኛ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምንወድቀው በዚህኛው ነው። ሽማግሌው ስለ ዘመኑ የሰጡት ፍርድ ስለተሳሳተ ብቻ ስለ ራሳቸው የሚናገሩትንም አንሰማም።

ጌሙን የሠሩት ሰዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ሃርትጎልድና ሶልሲልቨር ብለው እንደገና ሠሩት። የቪሪዲያን ጫካ ተመለሰ። ስለ ባዶነት ቅኔ አልተቀኙም፤ ዛፍ ተከሉ። እኔ ፍቅር የምለው ይህን ነው፤ የሚወዱትን ነገር ጉድለት አይቶ መጠገን። ሁሉን አልጠገኑም ታዲያ፤ የሬድ ፒካቹ ከ81 ወርዶ ይሆናል ስትሉ 88 ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ዛሬ አንድ ታናሽ ወንድም ወይም እህት «ልጫወተው ወይ?» ቢለኝ የምመልሰው ይህን ነው። ጆቶን ተጫወት፤ ዓርብን ጠብቀህ ላፕራስን እየው። ሙን ቦልህን አታስቀምጠው፣ አይሠራም። ካንቶ ስትደርስ ይሰለችሃል፤ እውነትህን ነው፣ የሚያሰለች ነው። እኔ ግን እዚያ ባዶ መንገድ ላይ ብዙ ማታ በደስታ ሄጃለሁ። ሁለቱንም እነግረዋለሁ፤ አንዱን ለማዳን ብዬ ሌላውን አልደብቅም።