ሳይሰበር ያረጀ ዕቃ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በአንድ ጀምበር አረጁ። በዋዜማው ይሠሩት የነበረውን ሥራ በማግስቱም ሠርተዋል። አንዲት ብሎን አልላላችም፤ አንዲት ፊደል ከቁልፍ ሰሌዳቸው ላይ አልወደቀችም። የሆነው ነገር ቢኖር ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዊንዶውስ 10» ለተሰኘው ፕሮግራሙ ያደርግ የነበረውን መደበኛ ጥገና፣ አስቀድሞ ባስታወቀው መሠረት፣ ማቆሙ ነው። ፕሮግራሙ ገበያ ላይ የዋለው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበርና ዕድሜው ከአሥር ዓመት ብዙም ፈቀቅ አላለም። የእኔም ኮምፒዩተር ከነዚያ አንዱ ነበር።

«ይህ ለቴክኒክ ሰዎች የሚተው ጉዳይ ነው፤ የሥነ ጽሑፍና የባህል መጽሔት ላይ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በበኩሌ ነገሩ የቴክኒክ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። ሰው እየሠራለት ያለውን ዕቃ ይዞ የመቆየት መብት አለው ወይ? ካለውስ ያ መብት ከየት ጀምሮ ጎረቤትን መንካት ይጀምራል? እነዚህን ጥያቄዎች ለጠጋኝ ትቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

ለመሆኑ አንድ ዕቃ አረጀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ማረሻ በአፈርና በድንጋይ እየተበላ ያጥራል፤ ጫማ ተረከዙ ያልቃል፤ ሸማ ይነትባል። የእነዚህ እርጅና ከባለቤታቸው አያያዝ የሚመጣ ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም። ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሺህ ጊዜ ቢከፈት አይሳሳም፤ ብል አይበላውም። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. የወጣው «ዊንዶውስ ኤክስፒ» ዛሬም በሚስማማው ማሽን ላይ ቢጫን በወጣበት ዘመን እንደሠራው ይሠራል። ያረጀው እሱ ሳይሆን ዙሪያው ነው። በደብዳቤ ጡረታ የወጣ ጤነኛ ሠራተኛ ማለት ነው፤ ክንዱ እንደ በረታ፣ ዓይኑ እንደ ጠራ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ተብሏል።

እርግጥ ደብዳቤው እንዲያው በከንቱ የተጻፈ አይደለም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ዋናው አንቀሳቃሽ ፕሮግራም የኮምፒዩተሩ እልፍኝ አስከልካይ ነው። ማንኛውም ሌላ ፕሮግራም ወደ ጌታው ዘንድ ለመግባት፣ ፋይል ለመክፈት፣ ወደ ማተሚያው ለመላክ የእሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን የመሰለ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ መስመሮች የተጻፈ ሥራ ቀዳዳ አያጣም። ኩባንያው ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር በየወሩ መጣፊያ ይልካል። ጥገናው የተቋረጠለት ፕሮግራም አደጋው እዚህ ላይ ነው። አዲሱና አሮጌው ወንድማማች ስለሆኑ ብዙ የጋራ አካል አላቸው፤ ለአዲሱ መጣፊያ በወጣ ቁጥር ሌባው መጣፊያውን መርምሮ የአሮጌው ቀዳዳ የት እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል። የታናሽየው ሕክምና የታላቅየውን ሕመም ለአደባባይ ያወጣዋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀ ለመለወጥ የሚያመነታውን ሰው ሰነፍ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን እንደዚያ አላስብም። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ፣ የተሻለ ሕግ ከተገኘ የአባቶችን ሕግ መለወጥ ይገባል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ለውጥን ይደግፋል፤ ሕክምናን የመሳሰሉ ሙያዎች ከጥንቱ ልማድ በመራቃቸው ተሻሽለዋልና። የጥንት ግሪኮች ሕግጋት ብዙዎቹ ያልሠለጠነ ዘመን ውጤቶች እንደነበሩም ያስታውሳል። ወዲያው ደግሞ ቆም ይልና ሙያና ሕግ አንድ አይደሉም ይላል። ሕግ ሰውን ለማሳዘዝ ያለው ኃይል ከልማድ የመነጨ ነው፤ ልማድ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የለውጡ ጥቅም ትንሽ ከሆነ አሮጌውን በትንሽ በትንሹ እያነሱ መጣል ሕግን ራሱን ያደክማል።

ኮምፒዩተር ከሁለቱ የቱ ነው? ለሠሪው ሙያ ነው፤ በየጊዜው ቢሻሻል ደስ ይለዋል። ለተጠቃሚው ግን ወደ ሕግ ይጠጋል፤ እጁ የለመደው፣ ዓይኑ ሳይፈልግ የሚያገኘው ነገር ነው። «ለማሻሻል» ተብሎ የታወቀ ቁልፍ ቦታውን ሲለቅ አንድ የተማረ ሰው ለጥቂት ቀን ማይም ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና። ሠሪው ይህን ኪሳራ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አይጽፈውም፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነውና።

አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ፍርድ ቤት አጠገብ ያለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷን እትዬ እላቸዋለሁ። ማመልከቻ ሲጽፉ ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ እሳቸው ጨርሰውለታል። ሁለት ኮምፒዩተር አላቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በ«ዊንዶውስ 7» ነበር።

«እትዬ፣ የዚህ ጥገና እኮ ከጥር 2012 ጀምሮ ቆሟል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መቼ ጠግነውልኝ ያውቃሉና ነው የሚያቆሙት? ሲበላሽብኝ የሚመጣው ይኸው የሰፈራችን ልጅ ነው። ፎርማት ያደርግልኛል፣ ከፍዬው ይሄዳል» አሉኝ።

«ቫይረስ ቢገባስ?»

«ልጄ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ስንት ዓመት የሰበሰብኩት የክሱ፣ የውክልናው፣ የኪራይ ውሉ ናሙና ሁሉ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። አዲሱ ላይ ፊደሉ እንቢ ቢለኝ ባለጉዳዩን ምን ልበለው? ቀጠሮው እኮ ዛሬ ከሰዓት ነው።»

ስጋታቸው መሠረት አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች መላ የዘየዱት የላቲን ፊደላት የሚቀመጡበትን ቦታ ለግዕዝ በማከራየት ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል እንደተጻፈ ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ቅርጹን የሚያለብሰው ፎንት ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ የውክልናው ሰነድ የምልክትና የባዕድ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ ይላል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ የጽሕፈት ቤቶች በለመዱት ቀጥለዋል። ባሕር ማዶ የሚጻፈው «ዛሬውኑ አሻሽሉ» የሚል ምክር ይህን የመሰለውን የእትዬን መዝገብ ቤት አያውቀውም።

ይሁንና የእትዬ ኮምፒዩተር የእትዬ ብቻ አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል። አንዱ የመታወቂያውን ቅጂ፣ አንዷ የትምህርት ማስረጃዋን፣ ሌላው ለሚስቱ እንኳ ያላሳየውን የሐኪም ወረቀት። ፍላሹ ይሰካል፣ ይታተማል፣ ይነቀላል፤ ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ከጽሕፈት ቤት መልስ ፍላሹን ሲከፍት ፋይሎቹ ሁሉ ተሰውረው በምትካቸው «ሾርትከት» ተደርድረው ያገኘ ሰው የምለውን ያውቃል። ይህች ኮምፒዩተር እንደ መንደር ቦኖ ናት። የቦኖዋ ባለቤት «ውኃው ለእኔ ተስማምቶኛል» ቢል ክርክሩ አያልቅም፤ ከእሷ የሚቀዳው ሌላ ሰው ነውና።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በአንድ ቀን ከአገር አገር ተዛመተ። ፋይሎችን እየቆለፈ ለማስከፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 19 ሺህ ያህል የሕመምተኞች ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል፤ አምቡላንሶችም ከአንዳንድ ሆስፒታሎች ደጅ ወደ ሌላ እንዲዞሩ ተደርጓል። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው መጣፊያ የወጣው ግን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 5 ቀን ነበር። በእንግሊዝ ከተመቱት ብዙዎቹ ጥገናው ገና ያልተቋረጠ ዊንዶውስ 7 ያላቸው ነበሩ፤ መጣፊያው እያለ ያልጫኑት ማለት ነው። ቀጠሮው የተሰረዘበት ሕመምተኛ ስለ ዊንዶውስ አስቦም አያውቅ ይሆናል። የአንድ መሥሪያ ቤት «ነገ እናደርገዋለን» እሱ አልጋ ድረስ ደረሰ።

ግን እዚህ ላይ ጣትን ወደ ተጠቃሚው ብቻ ቀስሮ ማቆም ፍትሕ አይሆንም። ቀዳዳውን አስቀድሞ አግኝቶ መሣሪያ የሠራለት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነበር፤ መሣሪያው ተሰርቆ አደባባይ ወጣ። ጥገናው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ለተቋረጠበት ኤክስፒ ደግሞ ማይክሮሶፍት መጣፊያውን ለሁሉም በነፃ የለቀቀው እሳቱ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ «አልችልም» ይባል የነበረው ነገር «አልፈልግም» ኖሮ ያን ዕለት ታየ።

የዊንዶውስ 10ም ነገር ከዚህ አይርቅም። ኩባንያው ለግለሰቦች አንድ ተጨማሪ ዓመት የጥገና ዕድል ሲሰጥ 30 ዶላር ወይም የኮምፒዩተርን ቅንብር ወደ እሱ ማከማቻ መላክን ጠየቀ፤ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ላሉት ግን፣ እዚያ ሸማቾችን የሚወክሉ ከጮኹ በኋላ፣ ይህን ሳይጠይቅ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የቀዳዳው መድኃኒት አንድ ሆኖ ዋጋው እንደ አገሩ ተለያየ። (በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ ከሚሠራበት ዊንዶውስ ስንቱ ያለ ፈቃድ የተቀዳ እንደሆነ ጠጋኞቻችን ያውቃሉ። ያልከፈለ ሰው ሻጩን የመውቀስ አፍ አለው ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ሙግት ነው፤ እኔ ዕቃው ላይ ባይኖረው እንኳ በቀዳዳው ላይ አለው ባይ ነኝ።)

ታዲያ ያለ ፍትሕ የተጫነ ግዴታ ግዴታ ነው ወይ? ብዙ ያሰብኩት ይህንን ነው። እሳቱን የለኮሰው ሌላ ነው እንበል። ፍንጣሪው ግን የእኔ የሣር ክዳን ላይ አርፏል፤ ከእኔ ወዲያ ያለው ደግሞ የጎረቤቴ ነው። ለኳሹን መክሰስ መብቴ ነው፤ ክሱ እስኪታይ ድረስ ግን ክዳኔን ውኃ ማርከፍከፍ አለብኝ። በዳዩ ሌላ መሆኑ ለጎረቤቴ ያለብኝን ዕዳ አይሰርዘውም። ይህን ስል ግን ዕዳው ለሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። መለኪያው የዕቃው ዕድሜ መሆን የለበትም፤ በዕቃው በኩል የሚያልፈው ነገር ነው መሆን ያለበት። ጎተራ የሆነ ኮምፒዩተር አለ፤ መንገድ የሆነ ኮምፒዩተር አለ። ከኢንተርኔት ተለይቶ፣ ፍላሽ ሳይነካው ጥጉን ይዞ የተቀመጠ ማሽን እስኪሰበር ድረስ በኤክስፒ ቢሠራ ማንንም አይበድልም። የብዙ ሰው ፋይል የሚተላለፍበት ግን የሦስት ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም መጣፊያው ሲቋረጥ የባለቤቱ የብቻ ጉዳይ መሆኑ ያከትማል።

ይህንኑ ለእትዬ ነገርኳቸው፤ ስለ አርስቶትል ግን አላነሳሁባቸውም። ብዙ ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው። አንደኛው ዊንዶውስ 7 ናሙናዎቹንና ፓወር ግዕዙን ይዞ ባለበት ይቀመጣል፤ የኢንተርኔት ሽቦው ይነቀላል፤ ፍላሽ አይሰካበትም፤ ከእሱ የሚወጣው ወረቀት ብቻ ነው። የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ሌላው ኮምፒዩተር በዊንዶውስ 11 በሚሠራ፣ ያገለገለ ነገር ግን ሻል ያለ ማሽን ይተካል። ገንዘቡን ለማጠራቀም አራት ወር ፈጀባቸው። አሁንም አልወደዱትም። «ይኼኛው ነገረኛ ነው፤ ሁልጊዜ ፈቃድ ይጠይቀኛል» ይሉኛል። ባለጉዳይ ሲበዛ ደግሞ ፍላሹ በስህተት አሮጌው ላይ እንዳይሰካ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ለጥፈውባቸዋል።

የእኔ ነገር የተለየ ነበር። ላፕቶፔ የኢንቴል ስድስተኛው ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው በታች ያለውን የኢንቴል ማሽን በአብዛኛው አይቀበልም፤ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚሉትን የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። የክልከላውን ዙሪያ ጥምጥም የሚያውቁ ጠጋኞች አሉ፤ እኔ ግን ዘበኛን በጓሮ አጥር ዘሎ መቅጠር ሆኖ ታየኝ። አዲስ ልግዛ ብል ዋጋው የብዙ ጽሑፍ ክፍያ ነው፤ ደኅናውንስ ማሽን የት ልጣለው? የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውን ሊኑክስን ጫንኩ። ነፃ ነው፤ መጣፊያው ይመጣል፤ በዩኒኮድ አማርኛ ያለ ችግር እጽፍበታለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ግን ፋይሌን የት እንዳስቀመጥኩ እየፈለግሁ ስበሳጭ ከረምኩ።

በዲፕሎማ ትምህርቴ ዘመን በቪዥዋል ግዕዝ የጻፍኳቸው ጽሑፎች ቀርተውኛል። የሚለውጥ ፕሮግራም አለ፤ ነገር ግን እዚህም እዚያም ፊደል ይስታልና እያንዳንዱን ከታተመው ወረቀት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ማታ ማታ አንድ ሁለት እያልኩ ስለውጥ ቆይቼ አሁን ሠላሳ አንደኛው ላይ ደርሻለሁ። ወረቀታቸው የጠፋብኝ ስድስት አሉ፤ እነሱን ለመጨረሻ አቆይቻቸዋለሁ።