የወተት እባብን መርጦ ስለ ማኖር

ሰው በቤቱ የሚያኖረውን እንስሳ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሙን ያስባል። በሬ ያርሳል፤ ላም ትታለባለች፤ ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ታድናለች። ዳሩ ግን አንዳች የማይሠራ፥ ጌታውን የማያውቅ፥ ሲጠሩት የማይሰማ እንስሳ ስለ መልኩ ብቻ ተመርጦ በመስተዋት ሣጥን ቢቀመጥ፥ መራጩ ምን መረጠ ይባላል? በአሜሪካና በኤውሮፓ ከተሞች የወተት እባብ የሚሉትን ገዝተው የሚያኖሩና የሚያራቡ ሰዎች ብዙ ስለ ሆኑ፥ በዚያ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ ከሚኖሩት ወላጆች አንዱን ልጁ «አባባ፥ ይህን እባብ ግዛልኝ» ቢለው፥ አባት ፈጥኖ የሚመልሰው ቃል የታወቀ ነው። «እባብ የተረገመ ነው» ይላል። መልሱ አጭር ነው፤ ነገሩ ግን በአጭር የሚያልቅ አይደለም።

በኦሪት ዘፍጥረት የተነገረው እርግማን የደረሰው ሔዋንን ባሳተው ላይ ነው፤ መተርጕማንም ሰይጣን በእባብ ተሰውሮ እንደ ተናገረ ያስተምራሉ። እባብ ግን ከዚያ በኋላ ከፍጥረት መዝገብ አልተፋቀም። ከሚሳቡት ሁሉ ጋራ በኖኅ መርከብ ገብቶ ድኗል። ሙሴም በምድረ በዳ የናሱን እባብ በዓላማ ላይ ሰቅሏል፤ ጌታም በወንጌል ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ የእባብን ብልኅነት ምሳሌ አድርጎ ሰጥቷቸዋል። ያንኑ የናስ እባብ ደግሞ ሕዝቡ ቢያጥኑለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል። የሙሴንና የሕዝቅያስን ሥራ አንድ አድርጎ ላነበበ ሰው፥ ነውሩ በናሱ ሳይሆን በተመልካቹ ልብ እንደ ነበረ ይታወቀዋል። ስለዚህ አባት ልጁን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ጥያቄው ግን ስለ እርግማን አይደለም።

የወተት እባብ ስሙን ያገኘው በሐሰት ክስ ነው። የሰሜን አሜሪካ ገበሬዎች በከብት በረት ውስጥ ደጋግመው ስላገኙት ሌሊት ላሞችን ይጠባል ብለው አመኑ፤ ወተት የጐደለ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእርሱ ሆነ። ነገሩ ግን ከቶ ሊሆን አይችልም። እባብ የሚጠባበት ከንፈር የለውም፤ ጥርሶቹም ወደ ኋላ የተቀለበሱ መርፌዎች ስለ ሆኑ ላሚቱ ለአንድ አፍታ እንኳ አትታገሠውም፤ ሆዱም ቀጭን ነውና አንዲት ላም ከምትሰጠው ወተት ጥቂቱን እንኳ አይዝም። ወደ በረት የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ነው፤ አይጧም የምትመጣው እህል ፍለጋ ነው። እንግዲህ ገበሬው በበትር የገደለው የገዛ እህሉን ጠባቂ ነበረ። ክሱ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የተከሰሰ ሰው በዳኛ ፊት ነጻ ቢወጣ እንኳ መንደሩ በክሱ ስም ሲጠራው መኖሩ የታወቀ ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ ላሴፔድ ስለዚህ እባብ በ1789 ዓ.ም. ጻፈ (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፤ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ላምፕሮፔልቲስ ትሪያንጉሉም ይባላል። የአማርኛ ጆሮ በቃሉ መጀመሪያ «ላም» የሚል ቢሰማና ክሱ እስከ መጽሐፍ ገባ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግሪኩ ግን «ላምፕሮስ» ሲል ብሩህ፥ «ፔልቴ» ሲል ትንሽ ጋሻ ማለቱ ነው፤ በቆዳው ላይ የሚያበሩትን ቅርፊቶች አይቶ የተሰጠ ስም ነው። ሕዝቡ የወተት ሌባ ያለውን ሊቃውንቱ ባለ ብሩህ ጋሻ ብለውታል።

ይህ ጋሻ ቅኔ ለተማረ ሰው ሰምና ወርቅ አለው። ከወተት እባብ ወገኖች ብዙዎቹ ቀይ፥ ጥቁርና ብጫ ወይም ነጭ ቀለበት ከራስ እስከ ጅራት ለብሰዋል። በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍልና ከዚያም በታች ባሉት አገሮች ይህንኑ የሚመስል ቀለበት የለበሰ፥ የመርጃን እባብ የሚሉት ብርቱ መርዛም አለ። የወተት እባብ መርዝ የለውም፤ ያደነውን በሰውነቱ ተጠምጥሞ አፍኖ ይውጣል እንጂ። ስለዚህ ሰሙ መርዝ፥ ወርቁ የዋህነት ነው። ምንም የማይጐዳ ፍጥረት የሚጐዳውን መልክ ለብሶ ከጠላቱ እንደሚድን እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ ከአማዞን አገር ተመልሶ በ1862 ዓ.ም. ስለ ቢራቢሮዎች ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል። በሰሜን በኩል ያለው የወተት እባብ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ስላለው ራሰ መዳብ የሚሉትን መርዛም ይመስላል፤ ሲደነግጥም ጅራቱን በደረቅ ቅጠል ላይ እያንቀጠቀጠ ያንኳኳል፤ የሰማውም ሰው ባለ ቃጭሉ እባብ መጣ ብሎ ይሸሻል። ወፍ ሰሙን አይታ ትርቃለች። ሰው ግን ሰሙን አይቶ በትር ያነሣል፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፥ መበርየቱስ ባልከፋ፤ በልጡን መግደሉ ነው እንጂ።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ትናንት በበትር የተሳደደው በብዙ ገንዘብ ይገዛል። የሆንዱራስ፥ የሲናሎአ፥ የፑዌብላ እየተባሉ በተገኙበት አገር ስም የሚጠሩ ወገኖች አሉ፤ የሲናሎአው ቀይ ቀለበቱ ሰፊ ነው፤ የሆንዱራሱ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል። አርቢዎች ጥቁር ቀለም የጐደለውን ከመሰሉ ጋራ እያገናኙ ዐይኑ የቀላ፥ ገላው ነጭና ቀይ ብቻ የሆነ እባብ አውጥተዋል፤ እንደ መንደሪን ልጣጭ የደመቀም አለ። እንዲህ ያለው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከአባትም ከእናትም ካልተወረሰ አይገለጥምና፥ ቀለሙን ለማጽናት ወንድምን ከእኅት፥ አባትን ከልጅ የሚያገናኙ አሉ። በዚያው ሕግ ግን በዘር የተሰወረ ደዌም ይገለጣል። ሌላም ነገር አለ። በሣጥን ውስጥ የወተት እባብ ከሌላ ወገን፥ የበቆሎ እባብ ከሚሉት ጋራ እንኳ ሳይቀር ይዋለዳል፤ ሊቃውንትም በ2014 ዓ.ም. አንድ ሲባል የኖረውን የወተት እባብ ወደ ሰባት ወገን ስለ ከፈሉት፥ ዘር መቍጠር ቀላል አይደለም። ዲቃላውን ንጹሕ ዘር ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው በዚህ እንስሳ ላይ ሁለተኛ የሐሰት ምስክርነት ይጨምርበታል።

የፊተኛው ሰው ስሙን ብቻ ሰምቶ ጠላው፤ የኋለኛውም ቀለሙን ብቻ አይቶ ወደደው። ሁለቱም እባቡን አላዩትም። አባት ልጁን ሊጠይቀው የሚገባውም ይኸው ነው፤ የወደድኸው የትኛውን ነው? እባቡን ነው ወይስ ቀለበቱን?

እባቡን የወደደ ሰው በሻጭ ፊት ሲቆም ንግግሩ ሌላ ነው። አስቀድሞ በሰው እጅ ከተፈለፈለ ወይስ ከዱር የተያዘ መሆኑን ይጠይቃል። ከዱር የተያዘው ብዙ ጊዜ መብል እንቢ ይላል፤ ደዌና ተባይም ይዞ ይመጣል። በአሜሪካ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት የአገሩን መርዝ አልባ እባብ በቤት ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። ቀጥሎ ዐይኑ የጠራ፥ ሰውነቱ የጠነከረ፥ አፉ ንጹሕ፥ በጅራቱ ጫፍ ያረጀ ቆዳ ያልቀረበት መሆኑን ይመለከታል። ከሁሉ በላይ ግን በፈቃዱ የሚበላ መሆኑን ይመረምራል። ከትንንሾቹ ወገኖች የሚወለዱ ግልገሎች በዱር እንሽላሊት የሚያድኑ ስለ ሆኑ አይጥ ቢሰጧቸው ፊታቸውን ይመልሳሉ፤ ለጀማሪ እጅ የሚከብዱትም እነዚህ ናቸው። የሆንዱራሱ ግልገል ገና ሲፈለፈል ተለቅ ያለ ነውና ጠጕር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል መዋጥ ይቀለዋል። የሚበላውም አስቀድሞ የሞተ ቢሆን ይሻላል፤ በሕይወት ያለች አይጥ በጠባብ ሣጥን ስትታደን ተሰብስቦ ማየት የሚያስደስተው ሰው እባብ ከማኖሩ በፊት ራሱን ይመርምር። ሁለት እባብም በአንድ ሣጥን አያኖርም፤ የዚህ ወገን እባቦች ሌላ እባብ ይበላሉና አንዱ ባልንጀራውን ሊውጥ ይችላል። ከዚህ የቀረው፥ የሣጥኑ ክዳን መጥበቅና የአንድ ወገን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ መድረስ፥ በትንሽ ትጋት የሚፈጸም ነው።

ማራባት የፈለገ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ ብርቱ ጥያቄ አለበት። እባቦቹን ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ያለ መብል በብርድ ያስተኛቸዋል፤ በጸደይ ሲነቁ ያገናኛቸዋል፤ እናቲቱ የጣለችውን ዕንቁላል ሁለት ወር ያህል በሙቀት ይጠብቃል። ስምንት ዕንቁላል ቢፈለፈሉ፥ የወተት እባብም በጥሩ አያያዝ ዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራልና፥ ያ ሰው በአንድ ጸደይ የመቶ ሃያ ዓመት ጠባቂነት አስወልዷል ማለት ነው። ይህን ማን ይሸከመዋል? ከዕንቁላሉ የሚወጣው ሁሉ የተመኙትን ቀለም ይዞ አይወጣም፤ ቀለሙ ያልተፈለገውን ገዢ አይጠይቀውም።

ገዢ ያጣውን በዱር መልቀቅ ምሕረት የሚመስለው ሰው ስለ ግራን ካናሪያ ይስማ። በዚያች የእስፓኝ ደሴት እባብ ከጥንት አልነበረም። የወተት እባብ ዘመድ የሆነው የካሊፎርኒያ ንጉሥ እባብ የሚሉት፥ ከሰዎች እጅ አምልጦ ወይም ተለቅቆ፥ በ1998 ዓ.ም. በዱር ታየ፤ ከዚያም በዛ። በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኘው የደሴቲቱ ታላቅ እንሽላሊት ጠላት የማያውቅ ስለ ነበረ፥ እባቡ በተስፋፋበት ስፍራ ሊጠፋ ደርሷል። ከተያዙት እባቦች መካከል ጥቁር ቀለም የጐደላቸው፥ ዐይናቸው የቀላ ብዙ ነበሩ። ቀለማቸው ከማን ቤት እንደ ወጡ ይመሰክራል። ጥፋቱም የእባቡ አይደለም፤ እርሱ የሚያውቀውን አደረገ።

ድኻ በደጅ ቆሞ ሳለ ለእባብ ገንዘብ ማውጣት ይገባልን? የሚል ቢኖር ነገሩ የሚናቅ አይደለም። አንድ የወተት እባብ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት አይጥ ይበቃዋል፤ በዚህ ድኻ አይራብም። ብርቅ ቀለም ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ግን ሌላ ነው፤ ድኻው የሚከስሰው የአይጡን ዋጋ አይደለም፥ የቀለሙን ዋጋ ነው እንጂ።

በጥንት ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው፥ በ1877 ዓ.ም. በላይፕሲክ የታተመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ፥ እባብ ሲያረጅ ዐይኑ ፈዝዞ አርባ ቀን እንደሚጾምና በጠባብ ስንጥቅ አልፎ አሮጌ ቆዳውን እንደሚጥል ይተርካል። ጸሐፊው በእንስሳው ምሥጢር ቢፈልግበትም፥ ምሥጢሩን ከመፈለጉ በፊት እንስሳውን ያየ ሰው እንደ ነበረ ያስታውቃል። የቀኑ ቍጥር ለምሳሌው የተሰጠ ነው፤ የቀረውን ግን የወተት እባብ የሚያኖር ሰው በቤቱ ያየዋል። ቆዳው ሊለወጥ ሲል ብሩህ ጋሻው ይደበዝዛል፤ ዐይኑም ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። መብል እንቢ ይላል፤ በድንጋይ ሥር ይሰወራል። በእነዚህ ቀኖች እባቡ ለዐይን የሚስብ አይደለም፤ ቢነኩት ይደነግጣል፤ ጠባቂው ቢያዝንለትም ማዘኑን አያውቅለትም። በሌላውም ቀን ቢሆን አያውቅለትም። በእጅ ላይ ጸጥ ብሎ መቀመጡን ፍቅር የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን እጁን ከመልመዱ በቀር ሌላ ማስረጃ የለም። ውሻ ጅራቱን በመቍላት የጌታውን ድካም ይክሳል፤ ከእባብ የሚጠበቅ ምንም ውለታ የለም።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ እንደ ገና እባቡን ቢሻ፥ አባቱ ወደ አርቢው ቤት ይውሰደው። አርቢው ሣጥኖቹን ደርድሮ «ቀዩን ነው የምትፈልገው ወይስ ነጩን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ «መጨረሻ የበላው መቼ ነው?» ብሎ ቢመልስ፥ አባት ገንዘቡን ከኪሱ ያውጣ። ወደ ነጩ ሣጥን ሮጦ ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ቢያሳርፍ ግን፥ ዛሬ ሳይገዙ ይመለሱ፤ በሌላ ቀን፥ ዐይኑ ወተት የመሰለ፥ ጋሻው የደበዘዘ እባብ በሣጥኑ ባለ ጊዜ፥ አባት ልጁን ደግሞ ያምጣው።